በወረርሽኝ ጊዜ ደመወዝ የማይቋረጥበት የሕመምና የቤተሰብ ፈቃድ

ደመወዝ የሚከፈልበት አስቸኳይ የሕመምና የቤተሰብ ፈቃድ፣ ተላላፊ በሽታ በአገር ላይ በተዛመተ ጊዜ የታመመ፣ ለበሽታው የተጋለጠ ወይም ሌላ ሰው የሚያስታምም ሠራተኛ ገቢው ሳይቋረጥ ከሥራ እንዲቀር በሕግ የሚሰጥ ጊዜያዊ መብት ነው። ከመደበኛው የሕመም ፈቃድ በሦስት ነገር ይለያል። መደበኛው ፈቃድ የታመመው ሰው እንዲያርፍና እንዲያገግም የታሰበ ነው፤ አስቸኳዩ ግን ከእርሱ በተጨማሪ የሥራ ባልደረቦቹን፣ ደንበኞቹንና ተሳፋሪዎቹን ከበሽታው ለመጠበቅ የሚወጣ ነው። መደበኛው ፈቃድ በብዙ ቦታ ከአገልግሎት ጊዜ ጋር እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ አስቸኳዩ ትናንት ለተቀጠረም ሊደርስ ይችላል። በሦስተኛ ደረጃ፣ የአስቸኳዩን ፈቃድ ወጪ በመጨረሻ የሚሸከመው ብዙ ጊዜ አሠሪው ሳይሆን መንግሥት ነው።

ይህ አሠራር በተግባር ምን እንደሚመስል በግልጽ ካሳዩት ሕጎች አንዱ፣ የዩናይትድ ስቴትስ ኮንግረስ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ ያወጣው ሕግ ነው። በዚህ ዝግጅት የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመጣ ለብቻው ይገለጻል።

የፈቃዱ አስፈላጊነት ከበሽታው ባሕርይ ይነሳል። ኮቪድ 19 የያዘው ሰው ትኩሳትና ሳል ገና ሳይሰማው በሽታውን ወደ ሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል። በ2020 መጀመሪያ ክትባት አልነበረም፤ በእጅ የነበረው ዋና መከላከያ ሰውን ከሰው ማራቅ ነበር። ስለዚህ ከበሽተኛ ጋር ንክኪ የነበረው ሰው ለ14 ቀናት ከቤቱ እንዳይወጣ ይመከር ነበር። ምክሩ ለመስጠት ቀላል ነው። በሰዓት እየተከፈለው ለሚኖር ሰው ግን 14 ቀን ማለት የግማሽ ወር የቤት ኪራይ ነው። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ሰውነቱ እየከበደው «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ብሎ ሥራ የሚገባው ከግድየለሽነት ይልቅ ከዚህ ስሌት የተነሳ ነው። ሕጉ የቆመበት ሐሳብም ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ነው፤ አንድን ሰው ሁለት ሳምንት እየከፈሉ ቤቱ ማቆየት፣ በሥራ ቦታው በሽታው የሚጋባባቸውን ሰዎች ከማሳከም ይቀላል።

አሜሪካ ወረርሽኙ የደረሰባት ለዚህ ሳትዘጋጅ ነው። የግል ድርጅቶች በሙሉ ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ እንዲሰጡ የሚያስገድድ አገር አቀፍ ሕግ አልነበራትም። በ1993 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙት የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ከሥራ መቅረትን ይፈቅዳል፤ ሠራተኛው ሥራውን ሳያጣ ይመለሳል፤ ነገር ግን ፈቃዱ ያለ ክፍያ ነው። በዚያ ላይ ሕጉ የሚመለከተው ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያላቸውን የግል ድርጅቶች ሲሆን፣ ሠራተኛው 12 ወር ያገለገለና ባለፈው ዓመት 1,250 ሰዓት የሠራ መሆን አለበት።

ክፍያ ያለውን ፈቃድ በሕግ የጀመሩት ከተሞችና ስቴቶች (ክፍላተ አገራት) ናቸው። የሳን ፍራንሲስኮ ነዋሪዎች በ2006 በድምፃቸው አጸደቁት። ዋሽንግተን ዲሲ በ2008 ተከተለች። ከስቴቶች መካከል በ2011 ቀዳሚ የሆነችው ኮነቲከት ናት። በቀረው አገር ፈቃዱ በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2019 ባወጣው አኃዝ፣ ከግል ዘርፍ ሠራተኞች ክፍያ ያለው የሕመም ፈቃድ የነበራቸው 73 በመቶ ሲሆኑ፣ በዝቅተኛው የደመወዝ እርከን ካሉት ግን ከግማሽ በታች ነበሩ። ከሕዝብ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙት አስተናጋጆች፣ ገንዘብ ተቀባዮችና ተንከባካቢዎች በብዛት የሚገኙት በዚሁ እርከን ነው። በ2009 የኤችዋን ኤንዋን ኢንፍሉዌንዛ ሲዛመት ለታመሙ ሠራተኞች አምስት የክፍያ ቀን የሚሰጥ ረቂቅ በኮንግረስ ቀርቦ ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው ማርች 11 ቀን 2020 ነው። ከሳምንት በኋላ፣ ማርች 18፣ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ «ቅድሚያ ለቤተሰብ» የሚል ስያሜ ያለውን የኮሮና ቫይረስ ምላሽ ሕግ ፈረሙ። በሴኔት 90 ለ8 በሆነ ድምፅ ያለፈው ይህ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ከኤፕሪል 1 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው። ሁለት ዓይነት ፈቃድ ይዟል፤ አንዱ አስቸኳይ የሕመም ፈቃድ፣ ሌላው የተስፋፋ የቤተሰብ ፈቃድ ነው።

የሕመም ፈቃዱ ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ እስከ 80 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት የሥራ ሳምንት ነበር። ይህም ከ14 ቀኑ ከቤት ያለመውጣት ጊዜ (ኳራንቲን) ጋር ይገጥማል። ከፊል ጊዜ የሚሠራ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ በአማካይ የሚሠራውን ሰዓት ያህል ያገኛል፤ በሳምንት 20 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ 40 ሰዓት ይደርሰዋል። ፈቃዱን ለማግኘት ስድስት ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሠራተኛውን ራሱን ይመለከታሉ፤ በመንግሥት ትእዛዝ ከሰው እንዲለይ መደረጉ፣ ሐኪም ራሱን እንዲለይ መምከሩ፣ ወይም የበሽታው ምልክት ታይቶበት ምርመራ ለማግኘት መሄዱ ናቸው። አራተኛው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ወይም ምክር የተሰጠውን ሌላ ሰው ማስታመም ነው። አምስተኛው ትምህርት ቤቱ ወይም መዋያው በወረርሽኙ ምክንያት የተዘጋበትን ልጅ መጠበቅ ሲሆን፣ ስድስተኛው የጤና ባለሥልጣናት ተመሳሳይ ነው ብለው የሚወስኑት ሁኔታ ነው።

ክፍያው እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ሠራተኛው የቀረው በራሱ ጤና ምክንያት ከሆነ ሙሉ ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ጣሪያው በቀን 511 ዶላር፣ በጠቅላላው 5,110 ዶላር ነው። የቀረው ሌላ ሰው ለማስታመም ወይም ልጅ ለመጠበቅ ከሆነ የደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ይታሰብለታል፤ ጣሪያውም በቀን 200፣ በጠቅላላው 2,000 ዶላር ይሆናል። በሰዓት 15 ዶላር እየተከፈለው በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው ራሱ ቢታመም በሁለት ሳምንት 1,200 ዶላር ያገኛል። እናቱን ለማስታመም ቢቀር ግን የሚያገኘው 800 ዶላር ነው። በቀን 640 ዶላር የሚያገኝ ሰው በጣሪያው ምክንያት ታሞም ከ511 አያልፍም።

የተስፋፋው የቤተሰብ ፈቃድ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤት ወይም የሕፃናት መዋያ በመዘጋቱ ልጅ የሚጠብቅ ሰው መታጣቱ። በ2020 የጸደይ ወራት በመላው አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ስለተዘጉ ይህ ክፍል የሕጉ ትልቁ ክፍል ሆነ። ፈቃዱ እስከ 12 ሳምንት ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያለ ክፍያ ናቸው፤ ሆኖም ሠራተኛው በእነዚህ ሳምንታት አስቸኳዩን የሕመም ፈቃድ ሊጠቀም ይችላል። የቀሩት 10 ሳምንታት የደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ይከፈልባቸዋል፤ ጣሪያው በቀን 200፣ በጠቅላላው 10,000 ዶላር ነው። ባለ 15 ዶላሩ ሠራተኛ በዚህ መንገድ ለ12 ሳምንታት ልጁን ቢጠብቅ መጀመሪያ 800፣ ከዚያ 4,000፣ በድምሩ 4,800 ዶላር ይደርሰዋል። ለሕመም ፈቃዱ የአገልግሎት ጊዜ አይጠየቅም ነበር፤ ለቤተሰብ ፈቃዱ ግን ቢያንስ 30 ቀን ተቀጥሮ መቆየት ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ሕግ አውጪዎቹ ተረድተው ነበር። ፈቃድ መጠየቅ ሥራ የሚያሳጣ ከሆነ የሚጠይቅ አይኖርም። ስለዚህ አሠሪው ፈቃድ የወሰደን ሰው እንዳያባርር፣ ደረጃውን ዝቅ እንዳያደርግና እንዳይቀጣ ተከለከለ። «መጀመሪያ የዓመት ፈቃድህን ጨርስ» ማለትም ሆነ «በቦታህ የሚተካ ሰው አምጣ» ማለት አይፈቀድለትም። ሠራተኛው የሚያቀርበው ስሙን፣ የሚቀርባቸውን ቀናት፣ ምክንያቱንና ትእዛዙን ወይም ምክሩን የሰጠውን መሥሪያ ቤት ወይም ሐኪም ስም ነበር። የሕመም ፈቃዱን ክፍያ የከለከለ አሠሪ ዝቅተኛውን ደመወዝ እንዳልከፈለ ይቆጠራል፤ አቤቱታውን የሚያየው የፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ወረርሽኙ ገበያቸውን ያቀዘቀዘባቸው ትንንሽ ምግብ ቤቶችና ሱቆች የማይሠራ ሰው ደመወዝ ከኪሳቸው ይክፈሉ ቢባል ብዙዎቹ በር ይዘጋሉ። መፍትሔው የታክስ ክሬዲት ነበር። አሠሪው በየጊዜው ከደመወዝ ላይ ቀንሶ ለፌዴራል መንግሥት የሚያስገባው ግብር አለ። በዚህ ሕግ መሠረት ለፈቃድ የከፈለውን ሙሉ ገንዘብ ከዚያ ግብር ላይ ያስቀራል። ለመንግሥት 6,000 ዶላር ገቢ ማድረግ የነበረበት ድርጅት ለፈቃድ 4,000 ከፍሎ ከሆነ 2,000 ብቻ ያስገባል። የከፈለው ከግብሩ ቢበልጥ ልዩነቱን ከአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤቱ በቅድሚያ መጠየቅ ይችላል። በፈቃዱ ቀናት የተከፈለው የጤና መድን ድርሻም በሒሳቡ ይካተታል። የዚህ አሠራር ጥቅም ፍጥነቱ ነው፤ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ሳያስፈልግ፣ ገንዘቡ ሠራተኛው በለመደው የደመወዝ ቀን በእጁ ይገባል።

የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎችም በተመሳሳይ ስሌት ክሬዲት ተፈቅዶላቸዋል። ታክሲ ወይም የኡበር መኪና የሚነዳ ሰው፣ አሠሪ ባይኖረውም፣ የታመመባቸውን እስከ 10 ቀናትና ልጅ የጠበቀባቸውን እስከ 50 ቀናት በዓመቱ የግብር ማስታወቂያው ላይ ማስቆጠር ይችል ነበር። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚህ ሥራ ላይ ስለሚገኙ ይህ ክፍል በቀጥታ ይመለከታቸው ነበር። ሆኖም ገንዘቡ የሚገኘው ግብሩ ሲሠራ እንጂ ሰውየው በታመመበት ሳምንት አይደለም።

ሕጉ ያስቀራቸው ሠራተኞች ብዛት ዋናው ድክመቱ ነው። 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው የግል ድርጅቶች ከነጭራሹ ውጭ ሆኑ። ምክንያቱ ትላልቆቹ ከራሳቸው መክፈል ይችላሉ የሚል ነበር፤ እንዲከፍሉ ግን አልተገደዱም። ከግል ዘርፍ ሠራተኞች ግማሽ ገደማው የሚገኘው በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ ነው። ትላልቅ የሸቀጥ መደብሮች፣ የሥጋ ማቀነባበሪያዎችና የሆቴል ኩባንያዎች የዚህ ወገን ናቸው። በሌላው ጫፍ፣ ከ50 በታች ሠራተኛ ያለው ድርጅት ለልጅ ጥበቃ የሚሰጠው ፈቃድ ህልውናውን የሚያሰጋ ከሆነ ከዚያ ክፍል ነፃ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪ፣ አሠሪዎች የጤና ባለሙያዎችንና የድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን ከፈቃዱ እንዲያስቀሩ ተፈቀደላቸው፤ ሆስፒታሎች ባዶ እንዳይሆኑ ተሰግቶ ነው።

«የጤና ባለሙያ» ማን ነው የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤት ደረሰ። የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ባወጣው ደንብ ትርጉሙን በጣም አስፍቶት ስለነበር፣ በጤና ተቋም ውስጥ የተቀጠረ ሰው ሁሉ ሥራው ምንም ይሁን ምን ሊካተት ይችል ነበር። የኒውዮርክ ስቴት ከሰሰ። ኦገስት 3 ቀን 2020 የፌዴራሉ ዳኛ ፖል ኦትከን አራት የደንቡን ክፍሎች ሻሩ። በውሳኔያቸው እንዳመለከቱት፣ በዚያ ትርጉም መሠረት የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና የካፍቴሪያ ኃላፊ ሳይቀሩ የጤና ባለሙያ ይባላሉ። መሥሪያ ቤቱ በሴፕቴምበር ደንቡን ሲያሻሽል ትርጉሙ ሕክምና በሚሰጡና ለሕክምናው በቀጥታ አስፈላጊ በሆኑ ሰዎች ላይ ተወሰነ። በሆስፒታል ምግብ የሚያበስል ወይም ሒሳብ የሚይዝ ሰው በዚህ ወደ መብቱ ተመለሰ።

ይህ ፈቃድ ከሥራ አጥነት ክፍያ ጋር መምታታት የለበትም። ፈቃዱ ሥራ ላለው፣ ግን በጤና ወይም በልጅ ምክንያት መሥራት ላልቻለ ሰው ነው። ከቤቱ ሆኖ መሥራት የሚችል ሰው አይመለከተውም። ድርጅቱ የተዘጋበት ወይም የተቀነሰ ሠራተኛ የሚሄደው ወደ ሥራ አጥነት መድን ነው፤ ያንንም ማርች 27 ቀን 2020 የወጣ ሌላ ሕግ አስፍቶታል፤ እስከ ጁላይ መጨረሻ በሳምንት 600 ዶላር ጨምሮበት ነበር።

አስገዳጁ ፈቃድ በ2020 መጨረሻ አበቃ። በሽታው ግን በዚያው ወቅት እጅግ በርትቶ ነበር። ኮንግረስ ግዴታውን ሳያድስ የታክስ ክሬዲቱን ብቻ መጀመሪያ እስከ ማርች፣ ኋላም እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 አራዘመ። ፈቃዱ የአሠሪው ምርጫ ሆነ ማለት ነው። በ2021 የተጨመረው አዲስ ነገር ክትባት ለመውሰድና ከክትባቱ የተነሳ ሕመም ሲሰማ ለማረፍ መቻሉ ነው።

የሕጉን ውጤት የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኦክቶበር 2020 «ኸልዝ አፌርስ» በተባለው መጽሔት ጥናት አሳትመዋል። ሕጉ አዲስ መብት ያስገኘላቸውን ስቴቶች ቀድሞ ተመሳሳይ መብት ከነበራቸው ጋር አነጻጽረው፣ በመጀመሪያዎቹ በአንድ ስቴት በቀን ወደ 400 የሚጠጉ የተረጋገጡ ሕመምተኞች እንደቀነሱ ገምተዋል። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ብዙ ሠራተኞች ስለ ሕጉ መኖር ጭራሽ እንዳልሰሙ አሳይተዋል። ባልታወቀ መብት የሚጠቀም የለም። ከዚህ አንጻር የዋሽንግተን ዲሲ ልምድ ይጠቀሳል፤ ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ዋና ዋና ሰነዶቿን ከምትተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

የፌዴራሉ ሕግ የተወውን ክፍተት ስቴቶችና ከተሞች በየራሳቸው መንገድ ሞልተዋል። ኒውዮርክ በዚያው ማርች 18 ባወጣችው ሕግ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ኳራንቲን ለገባ ሰው 14 ቀን እንዲከፍሉ አዘዘች። ካሊፎርኒያ በ2021 ከ25 በላይ ሠራተኛ ያላቸው አሠሪዎች ትላልቆቹን ጨምሮ እስከ 80 ሰዓት እንዲሰጡ አስገደደች። ዋሽንግተን ዲሲ በጁላይ 2020 የጀመረችው ደግሞ ቋሚ አሠራር ነው። አሠሪዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ የተወሰነ መቶኛ፣ በጅምሩ 0.62 በመቶ፣ ለአንድ ፈንድ ያዋጣሉ፤ የሚታመመው፣ የሚያስታምመው ወይም ልጅ የሚወልደው ሠራተኛ ክፍያውን ከፈንዱ ያገኛል። በዚህ ዘዴ አሠሪው የታመመበትን ሰው ደመወዝ ለብቻው ስለማይሸከም፣ ታማሚን ላለመቅጠር የሚገፋው ምክንያት ይቀንሳል።

በኢትዮጵያ ነገሩ በሌላ መልክ የተቀረጸ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በርዝመት ሲታይ ከአሜሪካው አስቸኳይ ፈቃድ ይበልጣል። የቤተሰብ ፈቃዱ ግን አጭር ነው፤ ለጋብቻ ወይም ለቅርብ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር፣ ለአባትነት ሦስት ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር፣ ለልዩና ከባድ ሁኔታ ደግሞ እስከ አምስት ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ይሰጣል። በማርች 2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጅ የሚጠብቅ ወላጅን የሚመለከት የክፍያ ፈቃድ በአዋጁ ውስጥ አልነበረም። ከዚህም በላይ አዋጁ የሚደርሰው የሥራ ውል ላለው ሰው ነው። በመንገድ ዳር የምትቸረችር፣ ሊስትሮ የሚሠራ ወይም ዕቃ የሚሸከም ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው አሠሪ የለውም።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች እንደሚታየው፣ እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ አምስት ነገሮች አስቀድመው መወሰን አለባቸው። የፈቃዱ ርዝመት በሽታው ከሚተላለፍበት ጊዜ ጋር መመጣጠን አለበት። ክፍያው ዝቅተኛ ደመወዝተኛ ቤቱ ተቀምጦ ሊኖርበት የሚችል መሆን ይገባዋል። ወጪው ፈቃድ የሚሰጠውን አሠሪ የሚጎዳ መሆን የለበትም። ፈቃድ መጠየቅ ከሥራ የማያስወጣ መሆኑ በሕግ መረጋገጥ አለበት። አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ ሕጉ የሚያስቀራቸው ሠራተኞች ጉዳይ ነው፤ ቫይረሱ የድርጅቱን የሠራተኛ ቁጥርም ሆነ የቅጥሩን ዓይነት አይጠይቅምና፣ ከፈቃዱ ውጭ የቀረ ሠራተኛ ታሞ ሥራ በገባ ቁጥር ለሌሎቹ የተከፈለው ገንዘብ ያስገኘው ጥበቃም በዚያው ልክ ይቀንሳል።